«ስንት ጣት ያምዎታል?» ጽኑ ሕመምተኛ ላላችሁ ጥያቄና መልስ

ነርስ ነኝ። ከ16 ዓመት ሥራዬ አብዛኛውን ያሳለፍኩት ካንሰርና ሌላ ጽኑ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በሚተኙበት ክፍል ነው። «ጠይቁኝ» ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። ብዙ ሰው ደጋግሞ ያነሳውን መርጫለሁ። በሽተኛችሁን ግን በዓይኔ አላየሁትም፤ የመድኃኒት መጠን የሚወስነው ያየው ሐኪም ነው።

ጥያቄ፦ ሐኪሙ «ፓሊየቲቭ ኬር» ሲል ቤተሰቡ ሁሉ ተላቀሰ። እናቴ አበቃላት ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም እህቴ። ሕመምን፣ ትንፋሽ ማጠርን፣ ማቅለሽለሽን፣ ጭንቀትን የማስታገስ ሕክምና ማለት ነው። ኬሞ እየተወሰደ፣ ጨረር እየተሰጠ ጎን ለጎን ይሄዳል። ለካንሰር ብቻም አይደለም፤ ልቡ ለደከመ፣ ኩላሊቱ ለተጎዳ ሰውም ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 አሜሪካ ውስጥ የወጣ አንድ ጥናት የሳንባ ካንሰር የተሠራጨባቸውን ሰዎች ተከታትሏል። ከመጀመሪያው ይህን ክትትል ያገኙት 11 ወር ተኩል ገደማ ኖሩ። ያላገኙት 9 ወር ገደማ። እኛ ጋ ችግሩ ስሙ የሚነሳው መጨረሻ ላይ መሆኑ ነው። ሰው የሚያለቅሰውም ለዚህ ነው። ቀድማችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ አባቴ ሐኪም ሲጠይቀው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላል። ሌሊት ግን ሲያቃስት ያድራል።

መልስ፦ ይሄን ሳነብ አንድ አባት ትዝ አሉኝ። ከገጠር የመጡ ገበሬ ነበሩ። ጠዋት ሐኪሞች ሲዞሩ «እንዴት አደሩ አባባ?» ይባላሉ። «ተመስገን» ይላሉ። ካርዳቸው ላይ «ደህና ናቸው» ተብሎ ይጻፋል። ሦስት ቀን እንዲህ አለፈ። እንደዚያ ብለው ከጻፉት አንዷ እኔ ነኝ።

በአራተኛው ቀን አንሶላ ልቀይር ስል ግራ እጃቸው አልፈታ አለ። የብርድ ልብሱን ጫፍ ሌሊቱን ሙሉ ጨብጠው አድረው ጣታቸው ደንዝዟል። አንድ በአንድ አላቀቅኩላቸው። ከዚያ አጠገባቸው ተቀመጥኩና እጄን አሳየኋቸው። «ጭብጥ ሲሆን ምንም ሕመም የለም። አምስቱም ሲዘረጋ ከዚህ የባሰ የለም። የእርስዎ ስንት ጣት ነው?» ዝም ብለው አዩኝ። ቀስ ብለው አምስቱንም ዘረጉ።

ሐኪምን አክብሮ «ተመስገን» ማለት ወጋችን ነው። የሕመም መልስ ግን አይደለም። ስለዚህ «ደህና ነህ?» ብላችሁ አትለፉት። «የቱ ጋ ነው? ስንት ጣት? እንቅልፍ ወሰደህ?» በሉት። ሌሊቱን ደግሞ ወረቀት ላይ ያዙ፤ ስንት ሰዓት ላይ ባሰበት፣ ምን ተሰጠው፣ መቼ ጋብ አለለት። ጠዋት ሐኪሙ ሲመጣ ወረቀቱን ስጡት።

ጥያቄ፦ ለወንድሜ ሞርፊን ታዘዘለት። ሱስ ይሆንበታል፣ ሞቱንም ያፋጥናል ብለው አስፈራሩን።

መልስ፦ በዚህ ፍርሃት ስንት ሰው ተሠቃይቶ እንዳለፈ ሳስብ አንጀቴ ይላወሳል። ለካንሰር ሕመም በሐኪም ክትትል የሚወስድ ሰው ሱሰኛ የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው። በትንሹ ተጀምሮ እንደ ሕመሙ ቀስ እየተባለ ሲጨመር ሞትን አያፋጥንም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ሕመም ማስታገሻ መመሪያውን ካወጣበት ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለከባድ ሕመም የሚመከረው እሱ ነው።

የሚጠጣው ዓይነት በየ4 ሰዓቱ ነው የሚሰጠው። ሕመሙ እስኪነሳ አይጠበቅም፤ ሰዓቱ ሲደርስ ይሰጣል። መጀመሪያዎቹ ቀናት ላይ ያንቀላፋል፣ ያቅለሸልሸዋል፤ ብዙ ጊዜ በቀናት ውስጥ ይተወዋል። የማይተወው የሆድ ድርቀት ነው። ሞርፊን ሲታዘዝ ማለስለሻም አብሮ እንዲታዘዝ ጠይቁ። ይሄ ተረስቶ ሕመሙ የታገሰለት ሰው በሆድ ድርቀት ሲሰቃይ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። የኩላሊት ችግር ካለበት ቀድማችሁ ተናገሩ። ስትቀሰቅሱት አልነቃ ካለ ወይም ትንፋሹ በጣም ከዘገየ ሳትዘገዩ ሐኪም ጥሩ። ሌላው፣ ሞርፊን የሚጻፈው በልዩ ማዘዣ ነው፤ በተራው ወረቀት ፋርማሲ አይሰጣችሁም። ጠርሙሱ ሳያልቅ፣ ዓርብ ሳይመሽ አስጽፉ።

ጥያቄ፦ አባታችን ካንሰር መሆኑ እንዳይነገራቸው ሐኪሙን ለምነናል። አጠፋን?

መልስ፦ ከፍቅር መሆኑን አውቃለሁ። መርዶን እንኳ ጎህ ሲቀድ፣ ሰው አሰባስበን የምንናገር ሰዎች ነን። ክፉ ወሬ በድንገት ሰው ላይ አይጣልም። ይሄ ጥሩ ወግ ነው። ግን መርዶም ቢሆን መቼና እንዴት እንደሚነገር ይታሰብበታል እንጂ ሳይነገር አይቀርም።

አብዛኛው በሽተኛ ደግሞ ያውቃል። የጎን አልጋው ሰው ፀጉሩ ሲረግፍ እያየ እንዴት አያውቅ? እሱ ለእናንተ ብሎ ዝም ይላል፤ እናንተ ለእሱ። የሌሊት ተረኛ ስሆን ስንቱ ጠርቶኛል፤ «ሲስተር፣ ልጆቼ እንዳይሰሙ። የኔ ነገር እንዴት ነው?»

እኔ የምለው፣ ሐኪሙ መጀመሪያ እሳቸውን ይጠይቃቸው። «ስለ ሕመምዎ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ? ለእርስዎ ልንገርዎት ወይስ ለልጆችዎ?» «ለልጄ ንገሩ» ካሉ ይከበርላቸው። ማወቅ ከፈለጉ ግን መብታቸው ነው። የንስሐ አባታቸውን ማግኘት የሚፈልጉ አሉ። ኑዛዜ ሳይናገሩ መሄድ የማይፈልጉ አሉ። ከወንድማቸው ጋር በመሬት ተጣልተው 20 ዓመት የተኳረፉ አሉ። ስንደብቃቸው ይህችን ጊዜ ነው የምንወስድባቸው። ሲነገራቸውም ኮሪደር ላይ ቆሞ አይሁን። ወንበር ያለበት ክፍል ጠይቁ፤ አታፍሩ።

ጥያቄ፦ ተኝታ ተኝታ ጀርባዋ ቆሰለ።

መልስ፦ በየ2 ሰዓቱ አገላብጧት። አንሶላው አይጨማደድ፣ እርጥብ አይሁን። ጓንት ውስጥ ውኃ ሞልቶ ተረከዝ ሥር ማድረግ የተለመደ ነው፤ አይጠቅምም። ባቷ ሥር ትራስ አድርጉና ተረከዟ አልጋውን አይንካ። ቁስሉን ዛሬውኑ ለነርስ አሳዩ።

ጥያቄ፦ እናቴ መብላት አቆመች። አጥሚት እንኳ በግድ ነው የማጎርሳት።

መልስ፦ በግድ አይሁን የኔ እመቤት። መጀመሪያ አፏ ውስጥ ነጭ ነገር ወይም ቁስል እንዳለ ይታይላት፤ ማቅለሽለሽና ድርቀትም ምግብ ይዘጋል። እነዚህ ይታከማሉ። ሕመሙ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ግን ሰውነት ምግብ መፈለጉን ይተዋል። ያኔ በግድ የሚሰጥ አጥሚት ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ስላልበላች አይደለም የምትደክመው፤ ስለደከመች ነው የማትበላው። ንጹሕ ጨርቅ በውኃ እያራሳችሁ ከንፈሯን አርጥቡላት። አንዲት ልጅ ለእናቷ ይህን ስታደርግ አይቻለሁ። ማንኪያውን አስቀምጣ እጇን መያዝ ስትጀምር የሁለቱም ፊት ተለወጠ።

ጥያቄ፦ ፀበል እንውሰዳት ወይስ ሆስፒታል ትቆይ?

መልስ፦ ለምን አንዱን ብቻ? የኤችአይቪ መድኃኒት ነገር ሲያከራክር በነበረ ጊዜ የያኔው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው መድኃኒቱም ፀበሉም አብሮ እንዲወሰድ በይፋ ተናግረዋል። ማስታገሻዋን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሰዓቱን አታሳልፉ። ለሐኪሙም ንገሩት፤ ተደብቆ መሄድ ነው የሚጎዳው።

ጥያቄ፦ በዞን ሆስፒታል የምሠራ ጠቅላላ ሐኪም ነኝ። መድኃኒትም ሰውም የለንም። ከምን ልጀምር?

መልስ፦ ዶክተር፣ ገንዘብ ከማይጠይቀው ጀምር። ሙቀትና ደም ግፊት በሚመዘገብበት ቻርት ላይ «ሕመም፦ ስንት ጣት?» የሚል መስመር ይጨመር። ተረኛዋ ነርስ ሦስት ጣትና ከዚያ በላይ ስታይ እንድትጠራህ ተስማሙ። ጠዋት ስትዞር ከአልጋዎቹ አንዱ አጠገብ ወንበር ስበህ ተቀመጥ። ቆመህ ከምትጠይቀው ተቀምጠህ ስትጠይቀው የሚነግርህ ይበዛል። አስታማሚውንም አትርሳው። ወለል ላይ ካርቶን አንጥፎ የሚያድረው፣ መድኃኒት ፍለጋ ከፋርማሲ ፋርማሲ የሚዞረው እሱ ነው። አንድ ደቂቃ ስጠው።

ጤና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው የፓሊየቲቭ ኬር መመሪያ አለ። እሱን ይዘህ ወደ ፋርማሲው ኃላፊ ግባና የሚጠጣ ሞርፊን እንዲጠየቅ አድርግ። ዩጋንዳ ሀብታም አገር አይደለችም። ግን ከ1993 እ.ኤ.አ. ወዲህ ዱቄቱን በውኃ በጥብጠው በርካሽ እያዘጋጁ ለሕመምተኛ ሲያደርሱ ቆይተዋል። ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ልዩ ሥልጠና የወሰዱ ነርሶቻቸው ራሳቸው ያዝዛሉ። እኛም ነርሶቻችንን ብናምናቸው የሚል ምኞቴን ደብቄ አላውቅም።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ነው ያለነው። እናታችን እንግሊዝኛ አትችልም፣ የማስተረጉመው እኔ ነኝ። አሁን «ሆስፒስ» እያሉን ነው።

መልስ፦ አስተርጓሚ በነፃ የማግኘት መብት አላት፤ የፌዴራል ሕግ ነው። አማርኛ በስልክም ይገኛል። ልጅ ሆነሽ «እናቴ ልትሞት ነው» የሚለውን አንቺ መተርጎም የለብሽም። ሆስፒስ በሕይወት መጨረሻ ላይ ላለ ሰው የሚሰጥ የማስታገሻ እንክብካቤ ነው። በሜዲኬር፣ ማለትም በአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን ጤና መድን፣ የሚጀመረው ሕመሙ በዚሁ ከቀጠለ ዕድሜዋ 6 ወር ወይም ከዚያ በታች እንደሚሆን ሐኪም ሲያረጋግጥ ነው። በሽታውን ለማዳን የሚሰጠው ሕክምና ይቆማል፤ ማስታገሻው ይቀጥላል። ሐሳቧን ከቀየረች መውጣት ትችላለች። ፓሊየቲቭ ኬር ግን እንዲህ ያለ ቅድመ ሁኔታ የለውም። የትኛውን እንዳሏችሁ በአስተርጓሚ አጣሩ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ «ቤቴ ውሰዱኝ» ይላል። ሐኪሙ ፈቅዷል፤ እኔ ግን ፈራሁ።

መልስ፦ መፍራትሽ ልክ ነው፤ ብዙ ሰው ምንም ሳይነገረው በር ላይ መውጫ ወረቀት ብቻ ይሰጠዋል። በቤት ታሞ መቆየት ግን ይቻላል። አዲስ አበባ ከሆናችሁ ሆስፒስ ኢትዮጵያ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቤት ለቤት እየሄደ ሕመምተኛ ይረዳል፤ ጠይቂ። የትም ብትሆኑ ግን ከዋርድ ሳትወጡ ማስታገሻው ቢያንስ ለሁለት ሳምንት የሚበቃ ይሁን፤ ስንት ሰዓት ምን እንደሚሰጥ በአማርኛ ይጻፍልሽ። ትንፋሽ ቢያጥረው ቀና አድርገሽ አስቀምጪው፣ መስኮት ክፈቺ፣ ፊቱ ላይ አራግቢለት። ጽዳቱን፣ አገላበጡን ነርሷ እያየችሽ አንዴ ራስሽ ሥሪው። የእድር ጎረቤቶችሽንም አሁኑኑ ጥሪ፤ ሌሊቱን በፈረቃ ያዙልሽ። ከዚያ ነርሷን «ሌሊት ቢብስበት ለማን ልደውል?» በያት። ስም ያለው ሰውና የሚነሳ ስልክ እስክትሰጥሽ ከበሩ አትውጪ።