ማርሹን ሁሉ ላስነቅለው ወይ?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። ቤቴ አባይ ማዶ ነው። የምሠራው መሀል ከተማ፣ መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው። በየቀኑ ድልድዩን በብስክሌት እሻገራለሁ። ያገለገለ፣ 26 ቁጥር፣ ባለ 18 ማርሽ ነው የገዛሁት። ክረምት ሲገባ ጭቃ ይሞላውና ካቴናው ከጥርስ ጥርስ እየዘለለ መከራዬን ያሳየኛል። ማርሹን ሁሉ አስነቅዬ በአንድ ጥርስ ብቻ ብሄድስ? የፊቱን ጥርሶች ቆጥሬያለሁ፤ 28፣ 38 እና 48 ናቸው። ጠዋት የአምስት ዓመት ልጄን ከኋላ ጭኜ ትምህርት ቤት አደርሳለሁ። ቅዳሜ ደግሞ የገበያ ዕቃ አለ።

መልስ፦ አስነቅይው ልጄ። ባሕር ዳር ከዳር እስከ ዳር ሜዳ ናት። ዳገት ካማረሽ ቤዛዊት አለልሽ፤ እሱንም ባለ 18 ማርሹ ወርዶ ሲገፋ ነው የማየው።

ግን መፍቻ ከመነሳቱ በፊት አንድ ነገር እዪ። የኋላው ጎማ ዘንግ የሚገባበትን ስንጥቅ ጎንበስ ብለሽ ተመልከቺ። ወደ ኋላ ወይም አግድም የተከፈተ ከሆነ ዕድለኛ ነሽ። ጎማውን ወደ ኋላ ስቦ ካቴናውን ማጥበቅ ይቻላል። ቀጥ ብሎ ወደ ታች የተከፈተ ከሆነ ግን ጎማው የትም አይሄድም። ካቴናው ይላላል፣ ይወልቃል። ያኔ ያንን የምትረግሚውን፣ ካቴናውን ከጥርስ ጥርስ የሚያዘልለውን ዕቃ እንዳትጥይው። ኬብሉ ወጥቶ፣ በብሎኖቹ አንድ ቦታ ላይ ከቆመ፣ ካቴና ወጣሪ ሆኖ ያገለግልሻል። መልኩ አያምርም። ሥራውን ግን ይሠራል።

አሁን ወደ ጥርሱ እንምጣ። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ እኔንም ጨምሮ። በጎረምሳነቴ ከፊት 48፣ ከኋላ 16 አስገጥሜ ነበር። ፔዳሉ አንድ ዙር ሲዞር ስድስት ሜትር ከምናምን ይሄዳል። ባዶዬን ስበር ለጉድ ነበር። አንድ ቅዳሜ 25 ኪሎ ጤፍ ጭኜ በአሮጌው ድልድይ ወደ ቤት ተነሳሁ። ከሰዓት ነው፣ ከጣና የሚመጣው ነፋስ ተነስቷል። አንዴ ከቆምኩ በኋላ ያንን ፔዳል ማስነሳት ግንብ መግፋት ሆነብኝ። ባለቤቴ ጃንጥላዋን ይዛ በእግሯ ቀድማኝ ገባች። እስከ ዛሬ እንግዳ ሲመጣ ታወራዋለች።

ስለዚህ የመሀለኛውን 38 ያዢ። ከኋላ 18 አስገጥሚ። አንድ ዙር ወደ 4.4 ሜትር ይወስድሻል። በደቂቃ 60 ጊዜ ከረገጥሽ በሰዓት ወደ 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለሥራ ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል? ብቻሽን ብትሆኚ ኖሮ 16 እልሽ ነበር። ልጅ ጭነሽ መብራት ላይ ቆመሽ ስትነሺ ግን 18ቱን ታመሰግኚዋለሽ። በግንቦት 2016 የተመረቀው አዲሱ ድልድይ 380 ሜትር ነው። ነፋስ በጎን ሲመታሽ ርዝመቱ ይታወቅሻል።

መሀለኛውን ያልኩሽ ለሌላም ምክንያት ነው። ካቴናው ከፊት ጥርስ ወደ ኋላ ጥርስ ቀጥ ብሎ መሄድ አለበት። ከተጣመመ ይጮሃል፣ ጥርስ ይበላል፣ መውለቁም አይቀርም። ሠሪው ከጨረሰ በኋላ ከብስክሌቱ ጀርባ ቁጭ በይና በአንድ ዓይንሽ እዪው። ጠማማ ከሆነ በዘንጉ ላይ ያሉትን ቀለበቶች ከቀኝ ወደ ግራ አዛውሮ፣ የጎማውን ሽቦዎች እንደገና ወጥሮ እንዲያስተካክል ንገሪው። «ችግር የለውም፣ ይለምዳል» ካለሽ እንዳትሰሚው። ካቴና አይለምድም።

አሮጌውን ካቴና በአዲስ ጥርስ ላይ አታስገጥሚ። ማስመሪያ አምጪና 24 ዓይን ለኪ፣ ከፒን መሀል እስከ ፒን መሀል። አዲስ ካቴና 30 ሴንቲ ከ5 ሚሊ ይሆናል። ያንቺ 30 ሴንቲ ከ7 ከደረሰ አልቆለታል። ሲገጠም ደግሞ እንደ ክራር እንዳይወጥሩት። መሀሉ ላይ በጣት ሲነካ አንድ ሴንቲ ያህል ከፍ ዝቅ ይበል።

ዘይት ላይ ደግሞ አንድ ልማድ አለን፤ ከጋራዥ የተቃጠለ ዘይት ለምኖ መቀባት። ተዪው። አሸዋውንና የብረት ብናኙን ይዞ ካቴናሽን ይሞርደዋል። የምግብ ዘይትም ይደርቅና ሙጫ ይሆናል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ በሳምንት አንዴ በላምባ እጠቢው። ይድረቅ። የስፌት ማሽን ዘይት በየዓይኑ ጠብ አድርጊና ትርፉን በጨርቅ ጥረጊው። ማርሽ ስለሌለ አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ከማርሹ የተረፈሽን ገንዘብ ፍሬን ላይ አውዪው። ቸርኬ የሚይዝ ፍሬን ዝናብ ላይ ይንሸራተታል። ከመቆምሽ ቀደም ብለሽ ለስለስ አድርገሽ ነካ ነካ አድርጊው፤ ውሃውን ይጠርገዋል። ፓራፋንጎም አስገጥሚ፣ ነጭ ገዋን ለብሰሽ ነው የምትገቢው። ካቴናውን የሚሸፍን ቆርቆሮም ቀሚስሽን ያድንልሻል።

ልጅሽን በተመለከተ ግን አንድ ነገር አሳስቦኛል። የእግሯ ማሳረፊያ እንዳለ አልጻፍሽልኝም። ከኋላ የተቀመጠ ልጅ እግሩን ያወዛውዛል፤ ተረከዙ በሽቦዎቹ መሀል ይገባል። እንዲህ ሆኖ የተጎዳ ልጅ አቅፌ ሐኪም ቤት ሄጃለሁ። በጎማው ግራና ቀኝ ቆርቆሮ ወይም ጠንካራ ፕላስቲክ፣ ከሥሩ እግር ማሳረፊያ አሠሪላት። ማርሹ ሌላ ሳምንት ይደርሳል፤ ይሄን ነገ ጠዋት ከመውጣትሽ በፊት።