ላባ የሚነቃቀሉ ጥንድ ፊንቾች፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን)፦ ሰላም ጋሼ፤ ጥንድ ዜብራ ፊንቾች (ትናንሽ እህል በል ወፎች) አሉኝ። የሴቷ ማጅራትና የጭንቅላቷ ኋላ ተመልጧል። ወቅታዊ የላባ ለውጥ ነው ወይስ ወንዱ እየነቀላት ነው?

መልስ፦ ወንዱ ነው። ወፍ ማጅራቷን በራሷ ምንቃር ልትደርስበት አትችልም። የላባ ለውጥ ቢሆን ኖሮ በግራም በቀኝም ተመጣጥኖ በጥቂት በጥቂቱ ይረግፍ፣ በምትኩም በሽፋን የተጠቀለሉ እሾህ መሰል አዳዲስ ላባዎች ብቅ ይሉ ነበር እንጂ ቆዳዋ አይራቆትም። ዛሬውኑ ይለዩዋቸው፤ እንዲተያዩና እንዲደማመጡ በመካከላቸው የሽቦ መከፈያ ያድርጉ።

ምክንያቱን ከጎጆው ይፈልጉት። በዜብራ ፊንች ዘንድ የጎጆውን ቁሳቁስ በአብዛኛው የሚያመጣው ወንዱ ነው። በትውልድ አገሩ በአውስትራሊያ ሣር ለቅሞ ያዋቅረዋል፣ ውስጡን በላባ ያለሰልሰዋል። እኛ የጎጆ ሳጥን ሰቅለንለት ሣሩን ስንነፍገው በቅርብ የሚያገኘው ለስላሳ ነገር የባልንጀራው ላባ ብቻ ይሆናል። ደረቅ ሰርዶ በብዛት ይስጡት፤ አጭር ተደርጎ የተቆራረጠ ቃጫና በፈላ ውኃ ታጥቦ የደረቀ የዶሮ ላባም ይሆናል። ክር፣ ፀጉርና ጥጥ ግን በፍጹም አይስጡ፤ ጣታቸው ላይ ተጠምጥሞ ደም ያግዳል። ጫጩት የማይፈልጉ ከሆነ ጎጆውን ከነሳጥኑ ያንሱት፤ ጎጆ እያለ ቁሳቁስ አለመኖሩ ነው ጣጣ የሚያመጣው።

ጥያቄ (ከገንደ ቆሬ)፦ የእኔም ወፍ ላባዋ እየረገፈ ነው፤ መፍትሔው ምንድን ነው?

መልስ፦ ከየትኛው የሰውነቷ ክፍል? ከስንት ወፍ ጋር ትኖራለች? ጎጆ አላት? እነዚህን ሳይገልጹልኝ መልስ ልሰጥዎ አልችልም።

ጥያቄ (ከሐረር፣ ጁገል)፦ ሌሊት ሌሊት ይረበሻሉ፤ ቅንቅን ሊሆን ይችላል?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል። ማታ የወፎቹን ቤት ነጭ ጨርቅ አልብሰው፣ ጎሕ ሳይቀድ በባትሪ ይመልከቱት፤ ቀያይ ነጠብጣቦች ሲንቀሳቀሱ ካዩ የእንስሳት ሐኪም ያማክሩ። የቤት ውስጥ ፀረ ተባይ አይርጩባቸው።

ጥያቄ (ከቀፊራ)፦ ወንዱ ትኩረቱ እንዲከፋፈል ሌላ ሴት ብጨምርስ?

መልስ፦ አይጨምሩ። ጠባብ ቦታ ላይ ወፍ መጨመር ጠቡን ያባብሰዋል። መጀመሪያ ይለዩዋቸው።

አስተያየት (ከሐረማያ)፦ በዶሮ እርባታ ላይ እንዲህ ያለ መነቃቀል ሲመጣ የምንቃር ጫፍ ይቆረጣል። ለፊንችስ ለምን አይሠራም?

አስተያየት (ከለገሃሬ)፦ ወንድሜ፣ ዶሮ የተፈጨ መኖ ትውጣለች፤ ፊንች ግን ዳጉሳውን አንድ በአንድ ፈልፍሎ ነው የሚበላው።

አስተያየት (ከሐረማያ)፦ ትንሽ ጫፉን ብቻ ማለቴ ነው እኮ።

መልስ፦ ትንሹም ቢሆን አይቆረጥም። ምንቃሩ የተጎዳ ፊንች የእህሉን ገለባ መላጥ ያቅተውና በእህል ተከቦ ሊራብ ይችላል። ዶሮ ላይ የሚደረገው ራሱ የሚያሳምም ነው። እባካችሁ በዚህ ጉዳይ ላይ ክርክሩ ይብቃ።

ጥያቄ (ከአዲስ ከተማ)፦ የእኔዎቹ ደግሞ የጫጩቶቻቸውን ጀርባ ነው የሚነቅሉት።

መልስ፦ ወላጆቹ ቀጣዩን እንቁላል ለመጣል ቸኩለዋል ማለት ነው። ጫጩት በ3 ሳምንት ገደማ ከጎጆ ይወጣል፤ ራሱን ችሎ የሚመገበው ግን በ5 ሳምንት አካባቢ ስለሆነ ቀድመው አይለዩት፤ እዚያው ቤት ውስጥ በሽቦ ከፍለው ወላጆቹ በቀዳዳው እንዲያጎርሱት ያድርጉ። ለነቃዮቹ ሣር ይጨምሩ፤ የተቀቀለ እንቁላልም ከተፈጨ ቅርፊቱ ጋር ይስጧቸው። በድሬዳዋ ሙቀት እንቁላል ቶሎ ስለሚበላሽ ትራፊውን ሳያሳድሩ ያንሱት።

ጥያቄ (ከመጋላ)፦ ወንዱ ሴቷን ማጅራቷ ላይ ይነቅላታል፤ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ለሳቢያኑ ጠያቂ የሰጠሁትን መልስ ያንብቡ። ይለዩዋቸው፣ ሣር ይስጧቸው።

ጥያቄ (ከሳቢያን)፦ ጋሼ፣ ለይቻቸዋለሁ። መልሼ የማገናኛቸው መቼ ነው?

መልስ፦ ተነቅሎ የወጣ ላባ ሥሩ ካልተጎዳ ወዲያው ማደግ ይጀምራል፤ ሳምንታት ይፈጃል። አዲሱ ላባ በሽፋኑ ውስጥ እያለ ደም አለበት፤ ነቃዩን ይስበዋል፣ ቢነቀልም ይደማል። ሽፋኑ እስኪረግፍ ይታገሱ። ሲያገናኙዋቸው መቆሚያ እንጨቶቹን ቦታ ይቀይሩ፤ ቤቱም ወደ ጎን የሚበሩበት፣ ርዝመቱ ቢያንስ 75 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሁን። አጠገባቸው ሆነው ይከታተሉ፤ ዳግመኛ ከነቀላት ጥንዶቹን ለዘለቄታው ይለያዩ።