ላንቃ ላጥና ወይስ ቁስል?

«በባዮሎጂ ተመርቄ ለማስተርስ እየተዘጋጀሁ ነው። የምወደው የፅንስ እድገት ነው፣ በተለይ የላንቃ አፈጣጠር። ቤተሰቦቼ ግን ‹እሱ እንጀራ አይሆንሽም፣ ስለ ቁስል መዳን አጥኚ› ይሉኛል። የቱ ይሻለኛል?» ብለሽ ጠይቀሻል።

እህቴ፣ ሁለቱ አንቺም ቤተሰቦችሽም እንዳሰባችሁት አይራራቁም። በፅንሱ አፍ ውስጥ ከምላሱ ግራና ቀኝ ቁልቁል የበቀሉ ሁለት ተቀጥላዎች ወደ ላይ ይነሱና መሀል ላይ ይገናኛሉ። መገናኘታቸው ብቻውን አይበቃም። በመሀላቸው ያለው የሽፋን ህዋስ መጥፋት አለበት፤ አለዚያ ላንቃው ክፍት ይቀራል። ቆዳ ሲቆረጥም በቁስሉ ዳር ያሉት የሽፋን ህዋሶች እርስ በርስ የተያያዙበትን ያላሉና ተንቀሳቅሰው ክፍተቱን ይዘጋሉ። አይአርኤፍ6 የተባለው ጂን ለሁለቱም ያስፈልጋል። ይህ ጂን ሲበላሽ ቫን ደር ዉድ የሚባለውን የከንፈርና የላንቃ መሰንጠቅ እንደሚያመጣ በ2002 እ.ኤ.አ. ታውቋል።

ፕሮፖዛልሽ ላይ ግን «ሁለቱ አንድ ናቸው» ብለሽ እንዳትጽፊ፤ ለምን እንደሆነ አንድ ታሪክ ያሳይሻል። ቲጂኤፍ ቤታ 3 የተባለው ፕሮቲን የሌላቸው አይጦች ላንቃቸው ተሰንጥቆ ይወለዳሉ። ላንቃን ያጠና የነበረው የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ማርክ ፈርጉሰን፣ የፅንስ ቁስል ለምን ያለ ጠባሳ እንደሚድንም መረመረ። ከዚሁ ፕሮቲን ጁቪስታ የተባለ የጠባሳ መከላከያ መድኃኒት ተሠራ። በ2011 እ.ኤ.አ. ግን የመጨረሻውን ትልቅ የሰው ሙከራ ሳያልፍ ቀረ። የአዋቂ ሰው ቁስል እብጠት አለው፣ የደም መርጋት አለው፣ ጀርም አለው። ላንቃው ሲገጥም እነዚህ የሉም። እኔ ብሆን የጥናት ጥያቄዬን የምፈልገው እዚህ ልዩነት ውስጥ ነው።

ስለ እንጀራውም ቤተሰቦችሽ መጨነቃቸው ትክክል ነው። ቀጣሪ ግን ከርዕስሽ ይልቅ እጅሽ የሚችለውን ያያል። ህዋስ በላብራቶሪ ሳህን ማሳደግ፣ ቲሹ ቆርጦ ቀለም መቀባት፣ የማይክሮስኮፕ ምስል አር ወይም ፓይተን በሚባሉት የኮምፒውተር ቋንቋዎች መለካት ተማሪ። ሳህን ላይ ያደጉ ህዋሶችን በፒፔት (የፈሳሽ መቅጃ ቱቦ) ጫፍ ጭረሽ ክፍተቱ እንዴት እንደሚዘጋ በየሰዓቱ ፎቶ የምታነሺበት ሙከራ አለ። ውድ አይደለም፣ ለሁለቱም ዘርፍ ያገለግላል። ከእሱ ጀምሪ።

አገር ቤትም መንገድ አለ። ኢትዮጵያ ከጋናና ከናይጄሪያ ጋር የከንፈርና የላንቃ መሰንጠቅ የዘረመል ጥናት ውስጥ ተሳትፋለች። ከዚያ ጥናት የወጡትን ጽሑፎች ደራሲዎች ስም አውጪና ጻፊላቸው። ኢሜይሉ አጭር ይሁን፤ ጥያቄሽን በሁለት ዓረፍተ ነገር፣ የምትችይውን በአንድ። ከመላክሽ በፊት ረቂቁን ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።