ስለ ሰው ሠራሽ ክር ጠይቁኝ፦ ከናይለን እስከ አክሪሊክ

ጥያቄዎቻችሁን አንብቤያለሁ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ናይለን 6,6 ውስጥ ቁጥሮቹ ምንድን ናቸው?

መልስ፦ የካርቦን ብዛት ናቸው። አዲፒክ አሲድ 6 ካርቦን አለው፤ ሄክሳሜቲሊንዳይአሚንም 6። ሁለቱም በግራና በቀኝ እጅ እንዳላቸው አድርገህ አስብ። እጅ ለእጅ በተያያዙ ቁጥር አንድ የውሃ ሞለኪውል ይወጣል። ኬሚስቱ ዋላስ ካሮዘርስ በአሜሪካው ዱፖንት ኩባንያ ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1935 የሠራው ይህንን ነው።

ጥያቄ፦ ፖሊመሩን (ረጅሙን የሞለኪውል ሰንሰለት) ሠራሁ፤ ግን እንደ ሻማ እየተሰበረ አስቸገረኝ። ኬሚካላዊ ምላሹ 95 በመቶ ሄዷል። ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት?

መልስ፦ 95 በመቶ በሌላ ሥራ ቢሆን ያስጨበጭባል። ለክር ግን ገና ነህ። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ 1ን ሳይያያዝ ለቀረው ድርሻ አካፍለው። 5 በመቶ ከቀረ ሰንሰለትህ በአማካይ 20 ቁራጭ ብቻ ነው። 99 በመቶ ላይ 100 ይሆናል፤ 99.5 ላይ ደግሞ 200። ክር የሚያደርገው ያቺ መጨረሻ ላይ የምትመጣ ጥቂት ነገር ናት፤ እኔ ከዚህ ሙያ በጣም የምወደውም እሷን ነው።

መጀመሪያ የአሲዱንና የአሚኑን ልኬት ፈትሽ። አንደኛው ትንሽ ከበዛ የሰንሰለቱ ጫፎች ሁሉ በእሱ ይያዙና የሚቀጥላቸው ይጠፋል። ፋብሪካዎች አሲዱንና አሚኑን አስቀድመው ናይለን ጨው የሚያደርጓቸው አንድ ለአንድ እንዲሆኑ ብለው ነው። ቀጥሎ ውሃውን ተመልከት። ካልወጣ ምላሹ ወደ ኋላ ይመለሳል።

ጥያቄ፦ ናይለን 6ስ?

መልስ፦ እሱ ከአንድ ነገር ብቻ ነው የሚሠራው፤ ካፕሮላክታም ከሚባል ቀለበት። ቀለበቱ ይከፈታል፣ ከሌሎቹ ጋር እጅ ለእጅ ይያያዛል። ፓውል ሽላክ ጀርመን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1938 ደረሰበት። የሚቀልጠው 220 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ናይለን 6,6 ግን እስከ 265 ይታገሣል።

ጥያቄ፦ ፖሊስተር ሲሠራ አየሩን መምጠጥ ለምን አስፈለገ?

መልስ፦ ቴረፍታሊክ አሲድና ኤቲሊን ግላይኮል መጀመሪያ አጫጭር ቁራጮች ይሠራሉ። ከዚያ በ280 ዲግሪ አካባቢ ቁራጮቹ እርስ በርስ ሲያያዙ ግላይኮል ይለቃሉ። ፈሳሹ በዚያ ሰዓት እንደ ማር ወፍሯል፤ ግላይኮሉ በቀላሉ አይወጣም። ስለዚህ በቫኪዩም ይጎተታል።

ጥያቄ፦ አክሪሊክን አቅልጠን ብንፈትለውስ?

መልስ፦ አይሆንም፤ ሳይቀልጥ ይበላሻል። በዳይሜቲልፎርማማይድ አሟሙተው በቀጫጭን ቀዳዳዎች ይገፉታል። አሠራሩም ይለያል፤ የአክሪሊክ መነሻ የሆነው አክሪሎናይትራይል በሁለት ካርቦኖቹ መሐል ያለው ድርብ ማሰሪያ (ድርብ ቦንድ) ተከፍቶ ነው እርስ በርስ የሚያያዘው፤ የሚወጣ ውሃም ሆነ ሌላ ነገር የለም።

ጥያቄ፦ ናይለን ሲፈጠር በዓይኔ ማየት እችላለሁ?

መልስ፦ ትችያለሽ፤ ግን ጓንትና መነጽር አድርገሽ፣ ጭስ በሚስብ ሳጥን ውስጥ፣ ሥራውን ከሚያውቅ ሰው ጋር። ሄክሳሜቲሊንዳይአሚኑ ትንሽ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ካለበት ውሃ ጋር ከታች ይሆናል። የአዲፒክ አሲድ ፈጣን ዘመድ የሆነው አዲፖይል ክሎራይድ በሄክሴን ሟሙቶ ቀስ ተብሎ ከላዩ ይፈሳል። ሁለቱ ፈሳሾች አይቀላቀሉም። መሐላቸው ላይ እንደ ወተት ስልባቦት ያለ ስስ ነጭ ነገር ይጋገራል። መሐሉን በወረንጦ ያዥውና ወደ ላይ ሳቢው። እንደ ገመድ እየተከተለ ይመጣል፤ ከሥሩ ወዲያው አዲስ ይጋገራል። እዚህ ልኬቱ እኩል ባይሆንም ግድ የለም፤ ምላሹ ድንበሩ ላይ ብቻ ነው፣ ፈጣንም ነው። በዘንግ ላይ እየጠቀለልሽ አንዱ ፈሳሽ እስኪያልቅ ድረስ መሳብ ትችያለሽ።