ቅዳሴ ላይ መልኩ ድቅን ይልብኛል

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንዴት ሰነበቱ? የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ። ሰንበት ትምህርት ቤት አገለግላለሁ። አንድ ልጅ ወድጃለሁ፤ እሱም ይወደኛል። ገና እጅ ለእጅ እንኳ አልተያያዝንም። ግን ቅዳሴ ቆሜ መልኩ ድቅን ይልብኛል። ስልኬ በጮኸ ቁጥር ሆዴ ይላወሳል። ከእግዚአብሔር አስበልጬ የወደድኩት እየመሰለኝ ከቁርባን ከራቅሁ ሁለት ወር ሆነኝ። ባለፈው ደግሞ በቴሌግራም «አመልክሻለሁ» ብሎ ጻፈልኝ። መውደዴ ኃጢአት ነው? ለእሱስ ምን ብዬ ልመልስለት?

መልስ፦ ልጄ፣ መጀመሪያ ከቁርባን መራቁን ተዪ። ራስሽን በራስሽ አትቅጪ። ይህ የነፍስ አባትሽ ሥራ ነው። ሄደሽ እንደነገርሽኝ ንገሪያቸው።

ሆዴ ይላወሳል ያልሽው አላስደነገጠኝም። የእኛ ሰው ፍቅርን የሚያወራው በሆድና በአንጀት ነው። «ሆዴ» ይላል፣ «አንጀቴን በላችው» ይላል። መኃልየ መኃልይም ከዚህ አይርቅም። ሙሽራዪቱ «በፍቅር ታምሜአለሁና» ትላለች። ልብ በዪ፣ ተናጋሪዋ ሴት ናት፤ መጽሐፉ ሲጀምርም ቀድማ የምትናፍቀው እሷ ናት። አባቶቻችን ይህን ስለ ክርስቶስና ስለ ቤተ ክርስቲያን ይተረጉሙታል። ልክ ነው። ነገር ግን የጎጃም ሰው ነሽና ሰምና ወርቅ አይጠፋሽም። አንጥረኛው መጀመሪያ ሰሙን ይቀርጻል፣ በጭቃ ይሸፍነዋል፣ ከዚያ ሰሙን አቅልጦ በቦታው ወርቁን ያፈስሳል። ሰሙ ከተጣመመ ወርቁም ተጣሞ ይወጣል። የሰው ፍቅር በራሱ ርኩስ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ወርቅ ሊፈስበት አይመረጥም ነበር።

እኔም አልፌበታለሁ። ቅኔ ቤት ሳለሁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልኩ ስለምን፣ አንዲት ልጅ እንጀራ የምትሰጥበት ደጅ ነበር። ውሻው ክፉ ነው፤ እኔ ግን ከዚያ ደጅ አልጠፋም። አንድ ቀን የኔታ «ያ ቤት ብቻ ነው እንጀራ የሚጋገርበት?» አሉኝ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አልገረፉኝም። «ነገ በሌላ ሰፈር ዙር» ብለው ቅኔያቸውን ቀጠሉ።

አሁን ወደ ፍርሃትሽ። የስሜት ሙቀት ብቻውን ምንም አይነግርሽም። የንጉሥ ዳዊት ልጅ አምኖንም ለትዕማር ታሞ ከስቶ ነበር። በዓይን ለሚያየው ሰው ሕመሙ ከሙሽራዪቱ ሕመም አይለይም። ትዕማር «ለንጉሡ ንገረው፣ እኔን አይከለክልህም» ብትለው አልሰማም፤ በጉልበት ደፈራት። ወዲያው ጠላት፤ ጥላቻውም ከፍቅሩ በለጠ። ያዕቆብ ደግሞ ለራሔል ሰባት ዓመት ተገዛ፣ ስለሚወዳትም ጥቂት ቀን መሰለው። ሰባት ክረምት የሰው በግ መጠበቅ ቀላል እንዳይመስልሽ። ስለዚህ ልጁ ምን ያህል ይነድዳል ብለሽ አትመዝኚው። መጠበቅ ይችላል ወይ ብለሽ መዝኚው። ራስሽንም እንዲሁ።

እግዚአብሔርን መውደድም በደረት ሙቀት አይለካም። ጌታ «ብትወዱኝ ትእዛዜን ጠብቁ» ነው ያለው። በልጁ ምክንያት ጾም ከሻርሽ፣ እናትሽን መዋሸት ከጀመርሽ፣ ያኔ በእርግጥ አስበልጠሽዋል። መልኩ ድቅን ስላለ ብቻ ግን አይደለም። ሐሳብ መምጣቱ ሌላ፣ ምንጣፍ አንጥፎ ማሳደር ሌላ። ካህኑ «አልዕሉ አልባቢክሙ» ሲሉ፣ ልባችሁን ወደ ላይ አንሡ ማለታቸው ነው፤ ያን ጊዜ ልብሽን ልጁ በውስጡ እንዳለ አንሺው። «ጌታ ሆይ፣ ይህን ልጅ አንተ ታውቀዋለህ» በዪና ወደ ጸሎትሽ ተመለሺ። ከሐሳቡ ጋር ግብግብ ከገጠምሽ ቅዳሴው አልቆ ሰዉ ጠበል ሲጠጣ አንቺ ገና እየታገልሽ ነው።

የቴሌግራሙ ነገር ግን አልወደድኩትም። ልጁ ክፉ ነው አላልኩም። አሁን ወጣቱ ሁሉ አፉ የለመደው ነው። «ሞቼልሻለሁ» ቢል ግድ የለም፣ ማጋነኑን ሁላችንም እናውቃለን። «አመልክሻለሁ» ግን ለአንዱ ብቻ የተለየች ቃል ናት፤ ለሰው አትሰጥም። ደግሞም የሚመለክ ሰው መሆን ከባድ ነው። ነገ ወጥ ስታሳርሪ፣ ስትቆጪ፣ ስታረጂ ምን ሊሆን ነው? «ወድጄሻለሁ» ይበቃል። አንቺም «ወድጄሃለሁ» ብትዪው ነውር የለበትም።

መልሱን ካስፈለገሽ እንዲህ ብለሽ ጻፊለት፦ «አታምልከኝ፤ ሽማግሌ ላክ።» እስከዚያው እናትሽን በዘዴ ጠጋ ብለሽ የአያቶቹን ስም ንገሪያቸው። ሰባት ቤት መቁጠሩን እሳቸው ያውቁበታል። ዘመድ ሆናችሁ ከተገኛችሁ ዛሬ መስማቱ ይሻላል።