መልስ፦ የመድኃኒትን ጉዳት ሳያስደነግጡ ስለ መናገር

የአንድን መድኃኒት ጉዳት ሰው ሳያስደነግጡ፣ እውነቱንም ሳይደብቁ እንዴት እንደሚያስረዱ ለጠየቁት፣ እኔ የምመክረው ከመቶኛ በፊት የሰዎችን ብዛት እንዲናገሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 በብሪታንያ አንዳንድ የእርግዝና መከላከያ እንክብሎች የደም መርጋትን አደጋ በእጥፍ እንደሚጨምሩ ማስጠንቀቂያ ወጣ። የተባለው ሐሰት አልነበረም፤ ነገር ግን እጥፍ የተባለው ከ7,000 ሴቶች መካከል ከ1 ወደ 2 ገደማ ከፍ ማለት መሆኑ ጎልቶ ስላልተነገረ፣ ብዙዎች ደንግጠው እንክብሉን አቋረጡ፤ በተከታዩም ዓመት በእንግሊዝና በዌልስ የውርጃ ቁጥር ጨመረ። እርግዝና ራሱ ከእንክብሉ ይልቅ ለደም መርጋት የሚያጋልጥ መሆኑ ነገሩን ይበልጥ ያሳዝነኛል።

ስለዚህ «በእጥፍ» ሲሉ የምን እጥፍ እንደሆነ በዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይናገሩ። ከዚያ አስቀድሞ ግን የሚያነጋግሩት ሰው የሚያስፈራው ምን እንደሆነ ይጠይቁት፤ ብዙ ጊዜ እኛ ልናስረዳ የተዘጋጀነው እርሱን የሚያስጨንቀውን አይደለምና። በእርግዝናዋ ወራት ስለ ወሰደችው መድኃኒት የምትጠይቅ እናት መስማት የምትሻው መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ሳይሆን ልጇ ተጎድቶ እንደሆነ ነው። ገና ያልታወቀ ነገር ካለም፣ ምኑ እንዳልታወቀና እስከዚያው ምን ማድረግ እንደሚሻል በግልጽ ይንገሯት።