ኮንትሮል ማቼቴ ከተበተነ በኋላ ማንን ልስማ?

ወንድሜ፣ «የሜክሲኮውን ራፕ ቡድን ኮንትሮል ማቼቴን ሳልጠግበው አለቀብኝ፤ ከሦስቱ አባላት የማንን ሥራ ልከተል?» ላልከው፣ እኔ ያለማመንታት ቶይ ሴሌክታህን እልሃለሁ። ቤቴ ቁጭ ብዬ ቢት (የራፕ ማጀቢያ ሙዚቃ) ስሠራ ከማንም በላይ የተማርኩት ከእሱ ነው።

ሦስቱም የሜክሲኮዋ ከተማ የሞንቴሬይ ልጆች ናቸው። ፌርሚንና ፓቶ ራፕ ያደርጉ ነበር፣ ቶይ ቢቱን ይሠራ ነበር። በመጀመሪያው አልበማቸው «ሙቾ ባራቶ» ላይ ከካሊፎርኒያው ራፕ ቡድን ከሳይፕረስ ሂል ጋር የሠራው ፕሮዲውሰር ጄሰን ሮበርትስ አብሯቸው ነበር። ለዚህ ነው ድምፁ ካሊፎርኒያ ካሊፎርኒያ የሚለው። በኋላ ፌርሚን መጋቢ ሆነ፣ ፓቶም በራሱ ስም መሥራት ቀጠለ።

የቶይ መንገድ ግን ሌላ ነው። እሱ ወደ ሰፈሩ ሙዚቃ ዞረ። ሞንቴሬይ ኩምቢያ የሚባለውን የኮሎምቢያ የጭፈራ ሙዚቃ ከልቧ ትወዳለች፤ ያውም አዝግማ። እዚያ እንደሚወራው ዱኤኔስ የሚባል የሰፈር ዲጄ ድግስ ላይ ሲያጫውት ቴፑ ይግላል፣ ሞተሩም ይደክማል። ዘፈኑ ይጎተታል፣ የዘፋኙ ድምፅ ይወፍራል። ሰው ቅር ይለዋል ሲባል ጭራሽ ወደደው! ከዚያ በኋላ ሆን ተብሎ የተጎተተ ኩምቢያ በካሴት ይሸጥ ጀመር። «ኩምቢያ ሬባሃዳ» የሚሉት ይህንን ነው።

አሁን «ኩምቢያ ሶብሬ ኤል ሪዮ»ን ክፈት። እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው የሞንቴሬዩ አኮርዲዮን ተጫዋች የሴልሶ ፒኛ አልበም «ባሪዮ ብራቮ» ላይ ያለ፣ ቶይ ፕሮዲውስ ያደረገው ዘፈን ነው። በጥሩ ኢርፎን ስማው፣ በስልክ ስፒከር ቤዙ ይጠፋብሃል። ቶይ አኮርዲዮኑን ቆራርጦ ለጌጥ አልለጠፈውም። ሴልሶ እንደልቡ ይጫወታል፣ ራፑ ነው ቦታ ፈልጎ የሚገባው። ለእኔ ከ«ሙቾ ባራቶ» ሁሉ ይበልጥብኛል፤ የማይስማማ ካለ ይምጣና እንከራከር።

እኔም ከዚያ ወዲህ ሳምፕል (ከሌላ ዘፈን የተቆረጠ ድምፅ) ስወስድ መጀመሪያ ፍጥነቱን ቀንሼ እሰማዋለሁ። ሲፈጥን የማይሰማ ክፍተት ከምቱ መሀል ብቅ ይላል። ግጥሙን እዚያ ነው የማስገባው። አንተም ቢት የምትሞክር ከሆነ ሞክረው፣ ነፃ ሶፍትዌር ይበቃሃል።

ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2016 ቶይ ከሜክሲኮው ሙዚቀኛ ከካሚሎ ላራ ጋር ኮምፓስ በሚል ስም ያወጣውን አልበም ስማ። ከየአገሩ የመጡ ብዙ ሙዚቀኞች ስላሉበት መጀመሪያ ዝብርቅርቅ ሊልብህ ይችላል። ቤዙን ብቻ ተከተል፣ የቶይን እጅ ወዲያው ትለየዋለህ።